ጥበብና ሳይንስ በአንድ ክፍል፦ ከባሕር ዳር እስከ ጣና ዳር

ጥበብንና ሳይንስን አጣምሮ ማስተማር ሲባል ተማሪው አንድን ነገር እየሳለ፣ እየሠራ፣ እየለካና እየመረመረ የሚማርበት ትምህርት ማለት ነው። የባዮሎጂ ፖስተርን በቀለም ማሳመር አይደለም። እሱ ጌጥ ነው፣ ሳይንሱ ላይ የሚጨምረው ነገር የለም።

ሐሳቡ ቆየት ያለ ነው። በጀርመን ባውሃውስ የተባለው የጥበብና የዲዛይን ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1919 ሲከፈት ሠዓሊውንና የእጅ ባለሙያውን አንድ ወርክሾፕ አስገባቸው። በአሜሪካ ኤምአይቲ በተባለው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 አርቲስቶችና ሳይንቲስቶች አብረው የሚሠሩበት ማዕከል ተቋቋመ። በእኛ አገር ልጁ 11ኛ ክፍል ሲገባ «ናቹራል» ወይም «ሶሻል» ብሎ ይለያል። መሳል የሚወድ ጎበዝ ልጅ ናቹራል ከገባ እርሳሱን አስቀመጠ ማለት ነው። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ባሕር ዳር ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የተመቸች ከተማ ናት።

የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ራሱ የሁለት ቤቶች ልጅ ነው። ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቱ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር ተቋቋመ፤ ጨርቃ ጨርቅ፣ እንጨትና ብረታ ብረት ያስተምር ነበር። የፔዳጎጂ አካዳሚው እ.ኤ.አ. በ1972 ተመሠርቶ መምህራንን ያሠለጥን ጀመር። ሁለቱ ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ2000 ዩኒቨርሲቲው በይፋ ተመረቀ። የከተማው ሰው ግቢዎቹን ዛሬም «ፖሊ» እና «ፔዳ» ነው የሚላቸው። የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ተቋሙ ውስጥ የፋሽን ዲዛይንና የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ጎን ለጎን ይሰጣሉ። ዲዛይነሩ ክሩ እንዴት እንደሚሳብና ቀለም እንዴት እንደሚጠጣ ካላወቀ ሥዕሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው መማሪያ ብራና ነው። የፍየል ቆዳ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ እንጨት ላይ በገመድ ይወጠራል፣ ሥጋና ስቡ ይፋቃል፣ ፀጉሩ ይላጫል። የሚደርቀው እንደተወጠረ ነው። ኬሚስትሪው እዚህ ላይ ይጀምራል። ቆዳ በአብዛኛው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ተወጥሮ ሲደርቅ የኮላጅኑ ክሮች ጠፍጠፍ ብለው ይደረደራሉ፣ ገጹ ይነጣል፣ ለመጻፍ ይመቻል። ሳይወጠር የደረቀው ተኮማትሮ ይቀራል። ሁለት ቁራጭ ወስዶ አንዱን ወጥሮ፣ ሌላውን ለቆ ማድረቅ ነው። ልዩነቱን ልጅ በጣቱ ዳስሶ ይለየዋል።

ቀለሙም እንዲሁ። የጥቁሩ መሠረት ጥቀርሻ ነው። ካርቦን ስለሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም። ግን ብራናው ውስጥ ጠልቆ አይገባም፣ ላዩ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ እርጥበትና የእጅ መተሻሸት ይጎዱታል። የጥንት ሥዕሎቻችን ሲመረመሩ ቢጫው ኦርፒመንት ሆኖ የተገኘበት ጊዜ አለ፣ የአርሴኒክና የድኝ ውህድ ማለት ነው። መርዝ ነው፣ ተማሪ እንዲፈጨው መስጠት አይገባም። ስለሱ ማስተማር ግን የግድ ነው።

ሥዕሎቹን በቦታቸው ለማየት የጣናው ልሳነ ምድር ዘጌ ይሻላል። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ክብ ናት፣ የመቅደሷ ግድግዳ በሥዕል ተሞልቷል። ሥዕሎቹ በአብዛኛው ጨርቅ ላይ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። ለጂኦሜትሪ መምህሩም ክቡ ሕንፃ ራሱ ትምህርት ነው። አስተማሪዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ በጣና ደሴቶች ላይ ያሉት የክብራን ገብርኤልና የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ሴቶችን አያስገቡም። ሴት ተማሪዎችን ጀልባ ላይ የሚያስቀር ጉብኝት ደግሞ ጉብኝት አይባልም።

ሐይቁ ራሱ ሁለተኛው ክፍል ነው። በጣና ከሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። የሚለዩት በዋናነት በጭንቅላታቸውና በአፋቸው ቅርጽ ነው። መንጋጋቸው ጥርስ የለውም፣ ሆኖም ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ እየበሉ ይኖራሉ። እዚህ ላይ ስዕል ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የምርምር መሣሪያ ይሆናል። ሁለት ዓሣ አጠገብ ለአጠገብ የሣለ ተማሪ በፎቶ ያላየውን የአፍ አቅጣጫ ያያል።

ከደንገል የሚሠራው ታንኳም አለ። የደንገል ግንድ ውስጡ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ ይከብዳል፣ ማድረቅ ያስፈልጋል። ትንሽ ታንኳ ሠርቶ፣ ጠጠር እየጫኑ እስኪሰምጥ መመዘን የእፍጋት ትምህርትን ከሰሌዳ ያወርደዋል። የማሰሩን ጥበብ የሚያውቁት ግን በጣና ዳር የሚኖረው የወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች ናቸው። በመምህርነት ይጠሩ፣ የመምህር ክፍያም ይከፈላቸው። ለዘመናት የተናቀ ሙያ ነው፣ ለፎቶ ብቻ ጠርቶ መሸኘት ነውር ነው።

አስቸጋሪው ማርክ አሰጣጡ ነው። የሥዕል መምህሩ ለብቻው፣ የሳይንስ መምህሩ ለብቻው ካረሙ ትምህርቱ ተመልሶ ይከፈላል። የሚሻለው ሁለቱ አንድ ሥራ ፊት ተቀምጠው አብረው ቢያርሙ ነው። የተሣለው ዓሣ ርዝመቱ ተለክቷል ወይ? መጠኑ በስንት ተቀንሷል? ክንፉ በትክክለኛው ቦታ ነው? መስመሩስ ጥርት ያለ ነው? አንድ ማርክ፣ ሁለት ፊርማ።