ሰሜን ተራሮች «ከአደጋ መዝገብ ወጣ» ማለት ዋልያ ተረፈ ማለት ነው?

አይደለም። ሁለት መዝገቦች እየተምታቱ ነው።

አንደኛው የዩኔስኮ ነው፤ የሚመዝነውም ቦታውን ነው። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻ፣ ልቅ ግጦሽና በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ስላሰጉት እ.ኤ.አ. በ1996 «አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች» ተርታ ገባ። ቅርስነቱ ግን አልተሰረዘም። ለመውጣት ወሰኑን ማስፋት፣ ግጦሹን መቀነስና ለዋናው መንገድ አማራጭ ማበጀት ይጠበቅ ነበር። የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ የተዛወሩትም በዚሁ ሂደት ነው፤ ለእነሱ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓርኩ ከመዝገቡ ወጣ።

ሁለተኛው የዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ነው። ይህኛው የሚመዝነው ዝርያውን ነው። መለኪያዎቹ ብዙ ናቸው፤ በቁጥር ብቻ ሲታይ ግን ለመራባት የደረሱት ከ50 ካነሱ «እጅግ አደጋ ላይ»፣ ከ250 ካነሱ «አደጋ ላይ»፣ ከ1,000 ካነሱ «ተጋላጭ» ይባላል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ግልገል ከቁጥር አይገባም። በቆጠራ 300 ዋልያ ታይቶ 80ው ግልገል ቢሆን፣ ለደረጃው የሚያዘው 220 ነው፤ ከ250 በታች ማለት ነው።

ቀይ ቀበሮ ደግሞ ባሌም ሰሜንም ስለሚኖር የሁሉም አካባቢ አንድ ላይ ይመዘናል። ዋልያ ግን ያለው ሰሜን ተራሮች ብቻ ነው፤ ገደሉ ላይ አንድ ክፉ በሽታ ቢገባ ሌላ መጠባበቂያ መንጋ የለም።