የሶማሌ ነፋስና አቅጣጫውን የሚቀይረው ባሕር

በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ የሚፈሰው የሶማሌ ጅረት ከአብዛኞቹ ታላላቅ የውቅያኖስ ጅረቶች የሚለየው በየዓመቱ ስለሚዞር ነው። ክረምት ላይ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይፈሳል። በጋ ላይ ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመለሳል። የሚገፋው ነፋስ ነው፤ ነፋሱን የሚያስነሳው የፀሐይ ሙቀት።

የብስ ከባሕር ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። በሰኔ የእስያ ምድር ሲግል አየሩ ሳስቶ ወደ ላይ ይነሳል፤ የአየር ግፊቱም ይወርዳል። በዚያው ጊዜ ከማዳጋስካር በስተ ምሥራቅ የብርድ ወራት ስለሆነ ግፊቱ ከፍ ያለ ነው። አየሩም ከዚያ ወደ እስያ ይነጉዳል። መንገዱ ላይ የኬንያና የኢትዮጵያ ተራሮች እንደ ግንብ ቆመው ይጠብቁታል። በጥጋቸው እየጠበበ ይፈጥናል። ምድር ስለምትሽከረከር የምድር ወገብን ሲያልፍ ወደ ቀኝ ታጥፎ ወደ ህንድ ያቀናል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን የሶማሌ ነፋስ በሚገባ ያጠናው ብሪታኒያዊው የአየር ጠባይ ተመራማሪ ጆን ፊንድላተር ነው።

ነፋሱ ሲበረታ ጅረቱ በሴኮንድ ከ2 ሜትር በላይ ሊሮጥ ይችላል። የላይኛው ሞቃት ውሃ ከዳርቻው ይርቅና ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል። ይህ ውሃ ለዓሣ ምግብ የሚሆን ንጥረ ነገር ይዞ ስለሚመጣ አካባቢው በዓሣ ይበለጽጋል።

መርከበኞች ይህን ሁሉ ከጥንት ያውቁት ነበር። በ1ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በግሪክኛ የተጻፈ የመርከበኞች መመሪያ ከግብፅ ወደ ህንድ የሚሄዱ መርከቦች በሐምሌ አካባቢ እንዲነሱ ይመክራል። እዚያው ላይ በዛሬዋ ኤርትራ የምትገኘው አዱሊስ፣ የታላቁ አክሱም በር፣ የዝሆን ጥርስ፣ የኤሊ ቅርፊትና የአውራሪስ ቀንድ ስትሸጥ እናገኛታለን። መመሪያው የባሕሩን ቀጥታ መንገድ ያገኘው ሂፓሉስ የተባለ መርከበኛ ነው ይላል። የዐረብና የህንድ መርከበኞች ግን ቀድመው ሳያውቁት አልቀሩም።

በ1686 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ኤድመንድ ሃሌይ የነፋሶችን ካርታ አውጥቶ መነሻቸው የፀሐይ ሙቀት መሆኑን ጻፈ። በ1735 ጆርጅ ሃድሊ የምድርን መሽከርከር ጨመረበት።

የክረምታችን ዝናብ ከየት ይመጣል የሚለው አሁንም ያከራክራል። ለረጅም ጊዜ ከአትላንቲክ በኮንጎ በኩል ነው ሲባል ኖሯል። የቅርብ ጥናቶች ግን ከህንድ ውቅያኖስና ከቀይ ባሕር በኩል ለሚመጣው እርጥበት ትልቅ ድርሻ ይሰጣሉ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ በሚሞቅበት በኤል ኒኞ ዓመት ክረምቱ ብዙ ጊዜ እንደሚደክም ግን አያጠያይቅም፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የደረሰው ከባድ ድርቅ ምስክር ነው። የእኛ የሜትዎሮሎጂ ባለሙያዎች የክረምቱን ትንበያ ከመስጠታቸው በፊት የፓስፊክንና የህንድ ውቅያኖስን ሙቀት የሚያዩት ለዚህ ነው።