የባህል መላመድ ምንድን ነው?

ባህላቸው የተለያየ ሕዝቦች ለረጅም ጊዜ አብረው ሲኖሩ በኑሯቸው ላይ የሚመጣው ለውጥ የባህል መላመድ ይባላል፤ ምሁራኑ አካልቸሬሽን ይሉታል። በ1936 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሬድፊልድ፣ ሊንተንና ሄርስኮቪትስ የተባሉት አሜሪካውያን አንትሮፖሎጂስቶች ትርጉሙን ሲያስቀምጡ፣ ለውጡ አንዱን ወገን ብቻ ሳይሆን ሁለቱንም ሊነካ እንደሚችል ጽፈዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይኸው ነው።

ካናዳዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጆን ቤሪ ጉዳዩን በሁለት ጥያቄ ያየዋል። የራሴን ልያዝ? ከብዙኃኑ ጋር ልቀላቀል? ሁለቱንም የያዘ ይዋሃዳል፤ የራሱን ጥሎ የገባ ይዋጣል፤ የራሱን ይዞ የራቀ ይነጠላል፤ ሁለቱም ያልሆነለት ከሁለት ያጣ ይሆናል።

ምርጫው ግን በስደተኛው እጅ ብቻ አይደለም። ቤተ እስራኤላውያንን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ እንይ። በ1984 እና 1985 በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1991 ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ እስራኤል ገቡ። ብዙዎቹ ገና እንደደረሱ የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ልጆች ቋንቋውን ቀድመው ስለያዙ ባንክም ክሊኒክም የወላጅ አስተርጓሚ ሆኑ። በጎንደር ገጠር ታላቅ ሲናገር አንገት ደፍቶ ማዳመጥ ጨዋነት ነው፤ በእስራኤል ክፍል ውስጥ ግን ዝም ያለ ልጅ ትምህርቱ እንዳልገባው ይቆጠራል። እናት በይሉኝታ «እሺ» ስትል አስተማሪው የተስማማች ይመስለዋል፤ እሷ ግን ሰው ፊት «አይሆንም» ማለት ከብዷት ነው። እንዲህ ያለውን አለመግባባት የሚፈታው ሁለቱም ወገን ሲማር ነው።

ብዙኃኑ በሩን ሲዘጋስ? በ1985 የአገሪቱ የሃይማኖት ባለሥልጣናት አይሁድነታቸውን ተጠራጥረው በውኃ የመጥለቅ ሥርዓት እንዲፈጽሙ ሲጠይቋቸው አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። በ1996 መጀመሪያ ደግሞ የለገሱት ደም በድብቅ ይደፋ እንደነበር ታወቀ። ደሙን የሰጠ ሰው ከዚህ በላይ ምን አድርጎ ይቀላቀል? በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም በቁጣ ተሰለፉ።

በሌላ በኩል፣ ቄሶች የሚባሉት የቤተ እስራኤላውያን የሃይማኖት መሪዎች ጥላ ዘርግተው የሚመሩት የማኅበረሰቡ የስግድ በዓል በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል። ይህ በእኔ እምነት እውነተኛ እርምጃ ነው፤ ብዙኃኑም ከመጣው ሰው አንድ ነገር ተቀብሏልና። ሆኖም በ2015 እና በ2019 የፖሊስን በደል ተቃውመው መንገድ የዘጉት ብዙዎቹ ወጣቶች እዚያው ተወልደው ያደጉ፣ ዕብራይስጥን አቀላጥፈው የሚናገሩ፣ በጦሩ ያገለገሉ ነበሩ።