ሎኬተር ኮል ምንድን ነው? የዱር ተርኪን ሳይጠሩ ማስጮህ

ገና አልነጋም። ምዕራብ ቨርጂኒያ ሳይሆን የቨርጂኒያ ግዛት ምዕራቡ ክፍል ነው፤ ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን። አንድ ሰው ሸንተረሩ ላይ ቆሞ ሁለት እጁን አፉ ላይ ገጥሞ እንደ ጉጉት ይጮኻል። ከዚያ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከታች ከሸለቆው፣ ከአንድ ዛፍ ላይ፣ «ጎብል-ጎብል-ጎብል!» የሚል የዱር ተርኪ ድምፅ ይመጣል፤ ተርኪ ማለት የዶሮ ዘመድ የሆነ ትልቅ የአሜሪካ ወፍ ነው። ሰውዬው ቦርሳውን አንስቶ ወደዚያው መራመድ ይጀምራል። ጉጉትነቱ በዚሁ አበቃ።

ሎኬተር ኮል ማለት ይኸው ነው። ቃል በቃል «ቦታ ማወቂያ ጥሪ» ልንለው እንችላለን፤ «ጥሪ» የሚለው ግን ትንሽ ያሳስታል። ተርኪው ጉጉት ጠራኝ ብሎ አይመጣም። ምን ሊያደርግ? አዳኙ የሚፈልገው ወፉ ሳያስበው አፉን እንዲከፍትና ያለበትን እንዲናገር ብቻ ነው። ከመጥራት ይልቅ ለማውጣጣት ይቀርባል።

ነገሩ እንዲገባን የወፉን ጠባይ እንይ። በታንክስጊቪንግ፣ በአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ የሚበላውን የቤት ተርኪ ብቻ የሚያውቅ ሰው የዱሩን ቢያየው ላይገናኝለት ይችላል። የዱሩ ቀጭን ነው፣ ይሮጣል፣ ይበራል፣ እንደ ቆቅ የነቃ ነው። ቀን መሬት ላይ ሲጭር ይውላል፤ ሲመሽ ዛፍ ላይ ወጥቶ ያድራል። አገር ቤት ጅግራ ዛፍ ላይ ሲሰፍር ያየ ሰው ይህን ለመገመት አይቸገርም። በስፕሪንግ፣ የመራቢያው ወቅት ሲደርስ፣ አውራው ገና ከማደሪያው ሳይወርድ ይጮኻል። ሴቶቹ ድምፁን ሰምተው ወደ እሱ ይሄዳሉ። የተፈጥሮው ሥርዓት እንዲህ ነው።

በዚህ ሰሞን ታዲያ አውራው ልክ እንደተወጠረ ክራር ነው። ድንገተኛና ኃይለኛ ድምፅ ሲሰማ ጩኸቱ ያመልጠዋል። አሜሪካኖቹ አዳኞች «ሾክ ጎብል» ይሉታል፤ የድንጋጤ ጩኸት እንደማለት ነው። እንደ ማስነጠስ ቁጠሩት። ለጉጉት ይመልሳል፣ ለቁራ ይመልሳል፣ ለነጎድጓድ ይመልሳል። የመኪና በር ጓ ሲደረግ የሚመልስም አለ። የባቡር ጥሩምባ ሲሰማ የሚጮኽም አለ። ለሁሉም መልስ ያለው፣ እንደ አንዳንድ ሰው።

ከሁሉም ድምፅ የታወቀው የጉጉት ነው። አዳኞቹ የሚያስመስሉት በምሥራቅ አሜሪካ ደኖች ውስጥ የሚኖረውን ባርድ አውል የሚባለውን ጉጉት ነው። ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ምት አለው። አሜሪካኖች ምቱን እንዳይረሱት «ለአንተ ማን ያበስልልሃል? ለእናንተስ ማን ያበስልላችኋል?» የሚል ትርጉም ያለው ዐረፍተ ነገር አበጅተውለታል። እኛ ጋ ጉጉት ሲጮኽ ሟርት ነው፤ እነሱ ጋ ስለ ወጥ ይጠይቃል። በባዶ አፍ የሚያሳምሩት አሉ። ለማይሆንለት ደግሞ የሚነፋ ትንሽ ቱቦ ይሸጣል። በኤሌክትሮኒክ ድምፅ ማጫወቻ ተርኪ ማደን ግን በብዙ ግዛቶች ክልክል ስለሆነ፣ ስልኬ ላይ ድምፁ አለ ብሎ ከመውጣት በፊት የግዛቱን ደንብ ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን ጥያቄ ይመጣል። የሴቷን ድምፅ የሚያስመስል መሣሪያ እያለ የጉጉት ነገር ለምን አስፈለገ? ዋናው ቁም ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። አዳኙ መንገድ ላይ ቆሞ እንደ ሴት ተርኪ ቢጮኽ፣ አውራው ቅርብ ከሆነ ያንኑ ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ሰውዬው ገና አልተቀመጠም፣ ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው። የተርኪ ዓይን ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ራሱን ሳያዞር ዙሪያውን ከሞላ ጎደል 270 ዲግሪ ያያል፤ ቀለምም ይለያል። አንዴ እሱ አንተን ካየህ አለቀ። የጉጉት ድምፅ ግን ወፉን ካለበት አያነቃንቀውም። እሱ ይጮኻል፣ እዚያው ዛፉ ላይ ይቀመጣል፣ አዳኙ ቦታውን ለመያዝ ጊዜ ያገኛል።

አጠቃቀሙ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፤ ያበዛዋል። ስምንቱንም ምት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለቀዋል። ተርኪው ግን የሚመልሰው ወዲያው ነው፤ ብዙ ጊዜ የጉጉቱ ድምፅ ሳያልቅ። የራሱን ጩኸት እየሰማ ያለ ሰው የወፉን መልስ አይሰማም። ስለዚህ ሦስት አራት ምት፣ ከዚያ ዝም። ሁለት ሆነው የወጡ እንደሆነ አንዱ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ፈንጠር ብሎ ይቆማል፤ ሥራው መስማት ብቻ ነው። የገባቸው አዳኞች እንዲያውም መጀመሪያ ምንም አይጮኹም። ወፉ በራሱ ጊዜ ከጮኸ ምን አስደከመኝ ነው ነገሩ።

መስማቱ ራሱ የዋዛ አይደለም። በሚያዝያ መጀመሪያ ዛፎቹ ገና ቅጠል ስላላወጡ ድምፁ ጥርት ብሎ ይመጣል። ቅጠሉ ከሞላ በኋላ ያው ጩኸት ይታፈናል፤ ሩቅ ነው ያልከው ወፍ ከአፍንጫህ ሥር ሊሆን ይችላል። ወፉ ፊቱን ወደ አንተ ሲያዞርና ጀርባውን ሲሰጥህም ድምፁ ይለያያል። አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ መሮጥ ስለዚህ ብልህነት አይደለም። ሸንተረር ላይ ሆኖ ሁለተኛውን መጠበቅ ይሻላል።

ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጉጉቱ ቦታውን ለቁራ ይለቃል። የቁራ ድምፅ አጭርና ስለታም ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ቀኑን ሙሉ ቢሰማም ማንንም አያስገርምም። ግንደ ቆርቁርን የሚመስሉም አሉ። በምዕራቡ አገር ኮዮቴ የሚባለውን የቀበሮ ዘመድ ጩኸት ይጠቀማሉ፤ በተለይ ማታ ማታ። የማታው ነገር ለብቻው ጥበብ ነው። ወፎቹ ዛፍ ላይ ሲወጡ ጠብቆ አንዴ ማስጮኽና የትኛው ዛፍ ላይ እንዳደሩ አውቆ ቤት መግባት። አሜሪካኖቹ ይህን «ማስተኛት» ይሉታል፤ ልጅ እንደማስተኛት።

ቦታው ከታወቀ በኋላ ያለው ሌላ ምዕራፍ ነው። አዳኙ በጨለማው ቀስ ብሎ ወደ መቶ ሜትር ገደማ ይጠጋል፤ እንደ መሬቱ አቀማመጥ ከዚያም ሊርቅ ይችላል። ከትከሻው የሚሰፋ ግንድ መርጦ ተደግፎ ይቀመጣል። የሴቷ ድምፅ የሚጀምረው ያኔ ነው፣ ያውም በለሆሳስ። በቨርጂኒያ የስፕሪንግ አደን የሚከፈተው በኤፕሪል ሁለተኛው ቅዳሜ ነው። ሰዓቱ የሚጀምረው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ሲሆን፣ በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ቀትር ሲሆን ያበቃል። ለእኛ ሰው ይህ የፋሲካ ሰሞን ነው። ጾሙ ገና ካልተፈታ ተርኪውም ፍሪዘር ውስጥ አብሮ ይጾማል።

የዛሬ ስልሳ ሰባ ዓመት እንዲህ ያለ ጨዋታ በብዙ ቦታ አይታሰብም ነበር። ያለ ልክ በመታደኑና ደኑ በመመንጠሩ የዱር ተርኪ ከብዙ ግዛቶች ጠፍቶ ነበር። በመረብ እየተያዘ ወደ ሌላ ደን በመወሰዱ ነው እንደገና የተራባው። ለዚህ ሥራ ስሙ የሚነሳው ብሔራዊ የዱር ተርኪ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማትርቀው በፍሬድሪክስበርግ ነው።

ሁሉም ሰው ሊገባበት በሚችል ደን ውስጥ ለሚያድን አንድ ነገር ልጨምር። ጉጉት የሚመስለው አንተ ብቻ አይደለህም። ሁለት አዳኞች ከሁለት ሸንተረር ሆነው እርስ በርስ «ማን ያበስልልሃል» ሲባባሉ የሚያነጉበት ጊዜ አለ። ያ ያስቃል። የማያስቀው፣ የተርኪ ድምፅ ሰምቶ በደረት እየተሳቡ ወደ ድምፁ መሄድ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥቋጦው ውስጥ ያለው ሴት ተርኪ ሳይሆን ሌላ አዳኝ ሊሆን ይችላል። ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ልብስ የማይለበሰውም ለዚሁ ነው፤ የአውራው ጭንቅላት ቀለም እነዚህ ሦስቱ ናቸው። ሌላ ሰው ሲመጣ ካየህ እጅህን አታወዛውዝ፣ እንደ ወፍም አትጩኽ። ባለህበት ሆነህ ጮክ ብለህ በሰው ቋንቋ ተናገር። የዚያን ቀን አደን ቢበላሽም ይበላሽ።