የኳንተም ስበትና የዑደታዊ ዩኒቨርስ ክርክር ከወሎ ሲታይ

አይንስታይን በ1915 ያቀረበው አጠቃላይ አንጻራዊነት ስበትን የቦታና የጊዜ መጉበጥ አድርጎ ያስረዳል። በ1920ዎቹ የተደራጀው ኳንተም ሜካኒክስ ደግሞ የአተምንና የቅንጣቶችን ጠባይ ይተነትናል። ሁለቱም በየፊናቸው የገጠማቸውን ፈተና አልፈዋል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አይስማሙም። በጥቁር ጉድጓድ እምብርት ወይም በዩኒቨርስ መነሻ ላይ ሁለቱን በአንድ ሒሳብ ለማስኬድ የሞከረ ሰው መጨረሻ የሌለው ቁጥር ይወጣለታል። ይህን የሚያስታርቅ ንድፈ ሐሳብ ነው የኳንተም ስበት የሚባለው። እስካሁን የተሟላ የለም፤ ተፎካካሪዎች ግን ሞልተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወሎ ውስጥ ጉዳዩ ሁለት ዓይነት ሰው ያገናኛል። አንዱ በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት ነው። ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ሲደራ ከተፎካካሪዎቹ አንዱ ስለሆነው ስለ ስትሪንግ ያነሳል። ሌላው ፊዚክስ ባይማርም "ከዚያ በፊትስ ምን ነበር?" የሚለውን ጥያቄ ከልጅነቱ ያውቀዋል። አገሩ የዋድላ ቅኔ ቤት አገር ነው። ደረሳ ሼኩ ፊት ተቀምጦ ኪታብ የሚቀራበት አገርም ነው። እዚህ መጠያየቅ ትምህርት ነው እንጂ ጠብ አይደለም። ስለዚህ ክርክሩ ቶሎ ይሞቃል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ሐሳብ ምን ቢገኝ ነው የሚሸነፈው?

በደጋፊ ብዛት የሚመራው ስትሪንግ ነው። ቅንጣቶች ነጥብ ሳይሆኑ የሚርገበገቡ ጥቃቅን ክሮች ናቸው ይላል። በ1974 ሸርክና ሽዋርዝ ስበትን የሚሸከመው ቅንጣት ከዚህ ሒሳብ ውስጥ ራሱ ብቅ እንደሚል አሳዩ። ማንም ሆን ብሎ ወደ ሒሳቡ አልጨመረውም። በ1984 ግሪንና ሽዋርዝ ብዙዎች የፈሩት የሒሳብ ቅራኔ እንደሚወገድ ሲያሳዩ ተመራማሪው ጎረፈ። በ1996 ደግሞ ስትሮሚንገርና ቫፋ የአንዳንድ ጥቁር ጉድጓዶችን ኤንትሮፒ (የሥርዓት አልባነት መጠን) ከስትሪንግ ተነስተው ቆጠሩ። ቤከንስታይንና ሆኪንግ ቀደም ብለው በሌላ መንገድ ካገኙት ጋር ልክ ገጠመ። ዕዳውም ቀላል አይደለም። 10 ወይም 11 ልኬት ይፈልጋል፤ እኛ የምናውቀው ጊዜን ጨምሮ 4 ነው። የቀሩት ተጠቅልለዋል ይባላል። የመጠቅለያው መንገድ ብዛት ግን 1 ተጽፎ 500 ዜሮ ቢከተለው ነው ተብሎ ይገመታል። ይህን ያህል ማምለጫ ያለውን ሐሳብ በምን ታሸንፈዋለህ?

ዋናው ተቀናቃኝ ሉፕ የኳንተም ስበት ነው። አሽቴካር በ1986 የአይንስታይንን ቀመር በአዲስ መልክ ጻፈው። ሮቬሊና ስሞሊን ከዚያ ተነስተው ቦታ ራሱ ቁርጥራጭ ነው ወደሚል ውጤት ደረሱ። ጋቢ ከሩቅ ወጥ ነጭ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ድርና ማግ ነው። ቦታም እንደዚያ ነው ይላሉ። የክሩ መጠን የፕላንክ ርዝመት አካባቢ ነው። በሜትር ሲጻፍ ከነጥብ በኋላ 34 ዜሮ ተደርድሮ ነው ቁጥሩ የሚጀምረው። ሉፕ ተጨማሪ ልኬት አይጠይቅም፤ እኔ በግሌ ይህ ቁጥብነቱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የጥቁር ጉድጓዱን ኤንትሮፒ ለማግጠም አንድ ቁጥር በእጅ መስተካከል ነበረበት። ከቁርጥራጩ ተነስቶ የምንኖርበት ለስላሳ ቦታ እንዴት እንደሚመጣም ሙሉ በሙሉ አላሳየም።

ሌሎችም አሉ። ስበት እጅግ ከፍተኛ ጉልበት ላይም ራሱን ይገዛል የሚል፣ ዋይንበርግ በ1970ዎቹ ያነሳው መንገድ አለ። ሶርኪንና ባልደረቦቹ በ1987 ቦታና ጊዜን የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ያደረጉበት አለ። ኦፐንሃይም ደግሞ በ2023 "ስበት ጭራሽ ኳንተም ባይሆንስ?" ብሎ መጣ። ይሄ ሰው ለወሎ ጨዋታ የተፈጠረ ነው።

ዑደታዊ ዩኒቨርስ፣ ማለትም ዩኒቨርስ በዙር ይመላለሳል የሚለው ሐሳብ፣ ወደ ክርክሩ የሚገባው በመነሻው በኩል ነው። ዩኒቨርስ ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት እጅግ ጥቅጥቅና ሙቅ እንደነበር ማስረጃው ጠንካራ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ የአይንስታይን ቀመር ይዘጋል። የኳንተም ስበት ግን በሩን ሊከፍተው ይችላል። አሽቴካር፣ ፓውሎውስኪና ሲንግ በ2006 የሉፕን ሒሳብ በቀላል የዩኒቨርስ ሞዴል ላይ ሲያስኬዱ ታላቁ ፍንዳታ መነሻ መሆኑ ቀረ። ቀድሞ ሲኮማተር የነበረ ዩኒቨርስ ጥቅጥቅነቱ ገደብ ላይ ሲደርስ ነጥሮ ተመለሰ። ስታይንሃርትና ቱሮክ በ2002 ከስትሪንግ ወገን ሌላ ዑደት አቅርበው ነበር፤ በእነሱ ሐሳብ ሁለት ዓለማት በየጊዜው ይጋጫሉ። ፔንሮዝ ደግሞ መኮማተር የሚባል ነገር አያስፈልግም ይላል። እጅግ ሩቅ በሆነው ዘመን ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ሲጠፋ ሰዓትም ሜትርም ትርጉም ያጣሉ። ያን ጊዜ የአንዱ ዘመን ማብቂያ ለቀጣዩ ፍንዳታ ይሆናል። የቀድሞው ዘመን ምልክት የሆኑ ክቦች ሰማይ ላይ ታይተዋል ተብሎ በ2010 ቢነገርም፣ ሌሎች ቡድኖች በተለመደው ሞዴል በኮምፒውተር በሠሩት ሰማይ ላይም ያንኑ አገኙ። በክርክር ላይ "ሰውዬው እኮ ኖቤል አለው" የሚል አይጠፋም። የ2020 ኖቤሉ ለጥቁር ጉድጓድ ሥራው ነው።

ወሎ ላይ ዑደት የሚለው ነገር ጆሮ ያገኛል። ባሕረ ሐሳብ የቆጠረ ሰው በ19 ዓመት ንኡስ ቀመር፣ በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ሲመላለስ ኖሯል። ነገር ግን ልብ በሉ፦ ቀመሩ ቢዞርም ቆጠራው ከዓመተ ዓለም ይነሳል፤ እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን። ዑደት አለ ማለት መነሻ የለም ማለት አይደለም። ኢማም አል-ገዛሊም ዓለም መነሻ የለውም ያሉትን ፈላስፎች የሞገቱት እዚሁ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ማለቂያ የሌለው ዙር አይሆንም ብለው። ፊዚክሱም በራሱ መንገድ እዚያው ይደርሳል። ቶልማን በ1930ዎቹ ኤንትሮፒ በየዙሩ ስለሚጨምር ዙሮቹ እየረዘሙ እንደሚሄዱ አሳየ። ወደ ኋላ ሲኬድ ታዲያ ያጥራሉ፤ መጨረሻው ያው መነሻ ነው። ቦርድ፣ ጉትና ቪሌንኪን በ2003 በአማካይ እየሰፋ የመጣ ዩኒቨርስ ያለፈ ዘመኑ ገደብ እንዳለው አረጋገጡ። አዳዲሶቹ የዑደት ሞዴሎች ዩኒቨርሱ በየዙሩ እየሰፋ ኤንትሮፒውን እንዲያሳሳው ያደርጋሉ፤ በዚያው ግን በእነ ቦርድ ሕግ ሥር ይወድቃሉ።

የስታይንሃርትና የቱሮክ ዑደት አንድ ትልቅ ክብር አለው፤ መሸነፊያውን ተናግሯል። ከመነሻው የተረፈ የስበት ሞገድ አሻራ በጥንታዊው የማይክሮዌቭ ብርሃን ላይ ከታየ በቃ፣ ወድቋል። በ2014 ተገኘ ተብሎ ዓለም ጮኸ፤ ኋላ አቧራ ሆኖ ተገኘ። በ2021 ከደቡብ ዋልታ የወጣው መለኪያ የሞገዱን ድርሻ ከጥግግት መዋዠቅ አንጻር ከ0.036 በታች አውርዶታል። በላሊበላ ዙሪያ ያሉ ተራሮች ለቴሌስኮፕ ቦታነት ተጠንተዋል፤ ያ ግን ለከዋክብት ብርሃን ነው፣ ይህን አሻራ አይፈልግም።

የቦታን ቁርጥራጭነት በተመለከተ ደግሞ በ2009 ከ7 ቢሊዮን ዓመት በላይ የተጓዘ ብርሃን ተመርምሮ ነበር። ኃይለኛው ጨረር ከደካማው ጋር በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ደረሰ። ጨረርን እንደ ጉልበቱ ያዘገያል የሚሉ ቀላል ሞዴሎች ወደቁ። ሉፕ ግን ያን በግልጽ ተንብዮ አያውቅምና ተረፈ። በ2017 የቀረበው ሙከራ ሌላ ነው። ሁለት ጥቃቅን አካላት በስበት ብቻ በኳንተም ይቆራኙ (የአንዱ ሁኔታ ከሌላው ተነጥሎ እንዳይገለጽ ይተሳሰሩ) እንደሆነ ማየት ነው። ከተቆራኙ ኦፐንሃይም ይሸነፋል። ስትሪንግና ሉፕ ግን ሁለቱም ይቆራኛሉ ነው የሚሉት።