በቀዶ ሕክምና ወሊድ የማሕፀንና የሆድ ስፌት፦ ስልቶቹና መዘዞቻቸው

በቀዶ ሕክምና ወሊድ ለብዙ ዘመን ማሕፀን ሳይሰፋ ነበር የሚተወው። ጡንቻው ራሱን አኮማትሮ ይዘጋል፣ ክር ቢገባበትም ያመረቅዛል ተብሎ ይታመን ስለነበር አብዛኞቹ እናቶች በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን ይሞቱ ነበር። ጣሊያናዊው ኤድዋርዶ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1876 ያገኘው መፍትሔ ማሕፀኑን ቆርጦ ማውጣት ነበር። በ1879 ሮበርት ፌልኪን በዛሬዋ ኡጋንዳ፣ በቡንዮሮ ባየው ቀዶ ሕክምና የሆዱ ቁስል በቀጫጭን የብረት ችንካሮች ተወግቶ በልጥ ገመድ ሲጠፈር፣ እናቲቱ ብትድንም ማሕፀኑ አልተሰፋም ነበር። ይህን ልማድ የለወጠው ጀርመናዊው ማክስ ዜንገር ነው፤ በ1882 ማሕፀንን በብርና በሐር ክር በጥንቃቄ መስፋት እንደሚገባ አሳየ። የዘመናችን ቀዶ ሕክምና ወሊድ በዚህ ስፌት ላይ ቆሟል ማለት ማጋነን አይሆንም።

የሚቆረጥበት ቦታም ከስፌቱ እኩል ይታያል። ፈርዲናንድ ኬህረር በ1881 የጀመረውና ማንሮ ኬር በ1920ዎቹ ያስፋፋው፣ የማሕፀኑን የታችኛ ክፍል አግድም መቁረጥ ዛሬ ዋነኛው ስልት ነው። እንዲህ የተቆረጠ ማሕፀን በኋላ ምጥ ሲሞከር የሚተረተረው ከመቶ ከአንድ ባነሰ ሲሆን፣ ላይኛው ክፍሉ ወደ ታች የተቆረጠ ግን ከመቶ ከ4 እስከ 9 ይደርሳል።

ማሕፀኑ በነጠላ ረድፍ ወይስ በድርብ ረድፍ ይሰፋ የሚለው ክርክር አልበረደም። ኬንያን፣ ጋናንና ሱዳንን ጨምሮ በሰባት አገሮች ወደ 16 ሺህ በሚጠጉ ሴቶች ላይ የተካሄደው ኮሮኒስ የተባለው ጥናት በሁለቱ መካከል፣ ከሦስት ዓመት ክትትል በኋላም ቢሆን፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም፤ ይሁን እንጂ የማሕፀን መተርተር ብርቅ በመሆኑ ጥናቱ ክርክሩን ዘግቷል ለማለት ያስቸግራል። ከብዛቱ ይልቅ አሰፋፉ ሳይበልጥ አይቀርም፤ በነጠላ ረድፍ እየተቆለፈ (ክሩ በቀደመው ስፌት ቀለበት ውስጥ እያለፈ) የሚሄድ ስፌት ጡንቻውን አንቆ ደም ስለሚያሳጣው ጠባሳው ይሳሳል የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው።

የሳሳ ጠባሳ በአልትራሳውንድ ሲታይ በማሕፀኑ የፊት ግድግዳ ላይ የሽብልቅ ቅርጽ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል፤ ኢስትሞሲል ይባላል። የወር አበባ ደም እዚያ ይጠራቀምና፣ ወር አበባው አበቃ ከተባለ በኋላ ለቀናት ቡናማ እየሆነ ይንጠባጠባል። አንዳንዶችን ያማል፤ መፀነስንም ሊያዘገይ ይችላል። ከሁሉ የከፋው የእንግዴ ልጅ በጠባሳው ላይ ሰርጎ መጣበቁ ነው። የእንግዴ ልጁ የማሕፀኑን አፍ በሸፈነባቸው እናቶች በማሕፀኑ ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ መጣበቁ የሚያጋጥመው በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና ከመቶ 3፣ በሁለተኛው 11፣ በሦስተኛው 40 ሆኖ ተመዝግቧል።

የሆድ ዕቃን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ባይሰፋም በራሱ ይድናል፤ መስፋቱ የአንጀትና የፊኛን መጣበቅ ይቀንሳል ወይስ ያብሳል የሚለው አከራካሪ ነው። ጠንካራው የሆድ ጅማት ሽፋን ግን ዘግይቶ በሚሟሟ ክር ካልተሰፋ ኸርኒያ (የአንጀት በላላው ቦታ መውጣት) ሊያስከትል ይችላል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ 2 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መሰፋት አለበት፤ አለዚያ ፈሳሽ እየቋጠረ ቁስሉን ሊከፍተው ይችላል። ቆዳውን በክር መዝጋት በብረት ስቴፕል ከመዝጋት የተሻለ ነው፤ ቁስሉ የመከፈት ዕድሉ ያንሳል። ከጠባሳው ዙሪያ ያለው ቆዳ ግን ጥቃቅን ነርቮች ስለሚቆረጡ በየትኛውም ስፌት ለወራት ሊደነዝዝ ይችላል።