የንክኪ ሬዚስታንስ ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ ሶኬት ጠቁሮ ሲቀልጥ፣ ዲቫይደር ሲጨስ ወይም ከዚያም ብሶ ቤት ሲቃጠል፣ ምክንያቱን ለሚጠይቅ ሰው የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ አንድ ቃል ነው፤ «ኮንታክት»። ይህ ቃል ግን በአነጋገራችን ሁለት ተቃራኒ ብልሽቶችን ባንድነት ተሸክሟል። አንደኛው መነካካት የማይገባቸው ሽቦዎች፣ ለምሳሌ ፌዙና ኒውትራሉ፣ ልባሳቸው ተልጦ ሲነካኩ የሚፈጠረው ነው፤ የሙያው ሰዎች ሾርት ይሉታል። ሁለተኛው መነካካት የሚገባቸው ሁለት ብረቶች በሚገባ ሳይነካኩ ሲቀሩ የሚደርሰው ነው። ይህኛው በዕለት ተዕለት ንግግራችን የራሱ ስም ስለሌለው ቴክኒሻኖች «ኮንታክቱ ላልቷል» ወይም «ኮንታክት አይሰጥም» ብለው ያልፉታል። የዚህ ሁለተኛ ብልሽት መለኪያ የንክኪ ሬዚስታንስ ይባላል። ሁለቱን መለየት የሚያስፈልገው ለቃላት ጥራት ብቻ አይደለም፤ ብሬከር የመጀመሪያውን ወዲያው ሲያቆም ሁለተኛውን ጨርሶ አያየውምና ነው።

ሬዚስታንስ በጥቅሉ አንድ ነገር የኤሌክትሪክ ፍሰትን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚገልጽ ሲሆን የሚለካውም በኦም ነው። ሽቦ የራሱ ሬዚስታንስ አለው፤ በቤት ውስጥ ለሶኬት መስመር የሚዘረጋው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ በእያንዳንዱ ሜትር 7 ሚሊ ኦም ያህል ይይዛል፤ ሚሊ ኦም የአንድ ኦም ሺኛ እጅ ነው። ሽቦው ተቆርጦ በሶኬት፣ በብሎን ወይም በመጠምዘዝ ሲቀጠል ግን ቀድሞ ያልነበረ ተጨማሪ ሬዚስታንስ መገናኛው ላይ ይወለዳል። የንክኪ ሬዚስታንስ ማለት ይኸው ከብረቶቹ መነካካት የሚመጣው እገዳ ነው።

ይህ እገዳ ለምን እንደሚፈጠር ለመረዳት የብረትን ገጽ በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። የወንዱ ሶኬት እግር ለእጃችን ለስላሳ ቢመስልም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጉብታና ጎድጓዳ የሞላበት ነው። ሁለት እንጀራ ዓይን ለዓይን ተደርገው ቢደራረቡ የሚነካኩት በየዓይኑ ዙሪያ ያሉት ጠርዞች እንጂ ጉድጓዶቹ አይደሉም፤ ሁለት ብረቶችም እንዲሁ የሚነካኩት በጥቂት የጉብታ ጫፎች ብቻ ነው። እንደ መዳብ ያለ ብረት በ10 ኒውተን ኃይል፣ ማለትም አንድ ኪሎ ግራም በሚከብድ ነገር ያህል፣ ከሌላ መዳብ ጋር ቢጫን በእርግጥ የሚነካካው ስፋት ከአንድ ካሬ ሚሊሜትር መቶኛ እጅ እምብዛም አይበልጥም። በሰፊው ሽቦ ውስጥ ተዘርግቶ የመጣው ፍሰት በእነዚህ ጠባብ ነጥቦች ለማለፍ ይተፋፈጋል፤ የሬዚስታንሱ አንዱ ምንጭ ይህ መጥበብ ነው። ነገሩን በሃያኛው ክፍለ ዘመን በስፋት ያጠናው ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ራግናር ሆልም ሲሆን፣ በንክኪ ላይ ለሚሠሩ መሐንዲሶች ዛሬም መነሻ የሚሆነው የእርሱ ሥራ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ዋና ነገር ኃይል ነው። ብረቶቹ ጠበቅ ብለው ሲጫኑ የጉብታዎቹ ጫፍ ይጨፈለቃል፣ የሚነካኩት ነጥቦች ይሰፋሉ፣ አዳዲስ ነጥቦችም ይጨመራሉ። የሚጫነው ኃይል በአራት እጥፍ ቢያድግ የንክኪው ሬዚስታንስ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የሶኬት ጥራት የሚለየው ከላይ በሚታየው ነጭ ፕላስቲክ ሳይሆን በውስጡ ተሰውሮ የወንዱን እግር እንደ ሞላ ቆንጥጦ በሚይዘው ናስ ነው። ገበያ ላይ የሚገኙት፣ ክቡንም ጠፍጣፋውንም እግር እናስገባለን የሚሉ ዲቫይደሮች እኔን የሚያሳስቡኝ በዚህ ምክንያት ነው፤ ሁሉንም ዓይነት እግር እንዲቀበል የተሠራ ናስ አንዱንም በቅጡ አቅፎ መያዝ ያዳግተዋል። ከክቦቹም መካከል ልዩነት አለ። የስልክ ቻርጀር ቀጭን እግር 4.0 ሚሊሜትር፣ ለከባድ ዕቃ የሚሠራው ወፍራም እግር ደግሞ 4.8 ሚሊሜትር ነው። ወፍራሙ ሲገባና ሲወጣ የከረመበት ርካሽ ሶኬት ናሱ ስለሚከፈት ቀጭኑ ውስጡ ይወዛወዛል።

ሁለተኛው የሬዚስታንስ ምንጭ በገጹ ላይ የሚጋገረው ስስ ሽፋን ነው። መዳብና ናስ ከአየር ጋር ሲገናኙ ኦክሳይድ ይለብሳሉ፤ ሙቀት ካለ ሽፋኑ በፍጥነት ይወፍራል። በበጋ ወራት አዳማ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ የሚያመጣው ብናኝም ወደ ክፍት ሶኬት ሲገባ በሁለቱ ብረቶች መካከል ተሰንቅሮ ያራርቃቸዋል። ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን አሉሚኒየም ነው። በአሉሚኒየም ላይ የሚፈጠረው ኦክሳይድ ወዲያውኑ የሚመጣ፣ ጠንካራና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስለሆነ፣ የአሉሚኒየም ሽቦን ከቤት መዳብ ጋር በመጠምዘዝ ብቻ ቀጥሎ በፕላስተር መጠቅለል ችግርን አፍኖ ማስቀመጥ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመዳብ ይበልጥ ስለሚለጠጥና በጫና ብዛት ቅርጹን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ ዛሬ ጠብቆ የታሰረው ጥምዝ ከወራት በኋላ ይላላል። ለሁለቱ ብረቶች ታስቦ የተሠራ ማገናኛ መኖሩ ለዚህ ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ወደ ወጥ ቤት እናምጣቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲካፈል ፍሰቱ ወደ 16 አምፔር ይሆናል። በንክኪ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት የፍሰቱ ስኩዌር በሬዚስታንሱ ሲባዛ የሚገኝ ነው። ንክኪው ጤናማ ሆኖ 1 ሚሊ ኦም ብቻ ቢኖረው የሚፈጠረው ሙቀት ሩብ ዋት ነው፤ እጅም አይሰማውም። ንክኪው ላልቶና ኦክሳይድ ለብሶ 100 ሚሊ ኦም ቢደርስ ግን 25 ዋት ይሆናል። ሬዲዮ ጠጋኞች ሶልደር የሚያቀልጡበት ብረት 25 ዋት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያን ብረት ሶኬት ውስጥ ሰክቶ እንጀራው ተጋግሮ እስኪያልቅ እንደመተው ነው። በሌላ አቆጣጠር 14 ሜትር በሚሆን ሽቦ ላይ ተበትኖ ሊወጣ የሚችል ሙቀት ጥቂት ሚሊሜትር በሆነች ቦታ ላይ ይሰበሰባል ማለት ነው።

ብሬከሩ ይህን ሁሉ አያይም ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተከራይቼበት በነበረው ግቢ አከራያችን የምጣዳቸው ሶኬት በተደጋጋሚ እየተቃጠለ ተቸግረው ነበር። አንድ ቀን አስጠርተው «ልጄ፣ ይኼ ኮንታክት እያደረገ ሊፈጀን ነው፤ ብሬከሩን ሁለቴ አስቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለውም» አሉኝ። «እማማ፣ ብሬከሩ ወድቆ ያውቃል?» ስላቸው «አንድም ቀን!» ብለው መለሱ። መልሱ በራሱ ምርመራ ነበር። ሾርት ቢሆን ኖሮ ሬዚስታንሱ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ፍሰቱ በመቶዎች አምፔር ይዘልልና ብሬከሩ በቅጽበት ይወድቃል። በላላ ንክኪ ግን የሚሆነው ግልባጩ ነው። ምጣዱ ራሱ ወደ 14 ኦም የሚጠጋ ሬዚስታንስ አለው፤ በዚያ ላይ አንድ አሥረኛ ኦም ሲጨመር ፍሰቱ ከመቶ አንድ እጅ ባነሰ መጠን ይቀንሳል። ለባለ 20 አምፔሩ ብሬከር ሁሉም ነገር ሰላም ነው፤ እንጀራውም ዓይኑን አውጥቶ ይበስላል፤ ግድግዳው ላይ ግን ሶኬቱ እየቀለጠ ነው።

ነገሩ ባለበትም አይቆምም። ናስ ሲሞቅ ሞላነቱን ያጣል፤ ሞላነቱ ሲቀንስ የሚቆነጥጥበት ኃይል ይደክማል፤ ኃይሉ ሲደክም ሬዚስታንሱ ያድጋል፤ ሙቀቱም ይብሳል። ኦክሳይዱም በሙቀቱ እየወፈረ ያግዘዋል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ የጠቆረ ሶኬት በማጽዳት የማይመለሰው፤ ናሱ አንዴ ሞላነቱን ካጣ በኋላ የቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ወንዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት አንዳንዴ የሚያሻሽለው እግሩ ሲገባ ከገጹ ላይ ያለውን ሽፋን ስለሚፍቅ ነው፤ መሻሻሉ ግን ጊዜያዊ ነው። ምጣዱ እየሠራ መንቀል ደግሞ ብልጭታ ስለሚፈጥር ገጹን ይበልጥ ይበሳሳዋል።

እነዚህን ጥቃቅን መጠኖች መለካት የራሱ ጥበብ አለው። ተራ መልቲሜትር የራሱ ገመዶችና ጫፎች ብቻ ከ100 ሚሊ ኦም በላይ ሊይዙ ስለሚችሉ የንክኪን ሬዚስታንስ በትክክል ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ በአራት ሽቦ ይለካል፤ በሁለቱ የታወቀ ፍሰት ይላካል፣ በሌሎቹ ሁለት ደግሞ ንክኪው ላይ የወደቀው ቮልቴጅ ይነበባል፣ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ሲካፈል ሬዚስታንሱ ይገኛል። ዘዴው በፊዚክስ ሊቁ በሎርድ ኬልቪን ስም ይጠራል። በማከፋፈያ ጣቢያዎች ያሉ ሠራተኞች በበኩላቸው ሙቀትን በሚያሳይ ካሜራ መስመሩን ይቃኛሉ፤ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ የሞቀ መገጣጠሚያ ካዩ ብሎኑ እንደላላ ወይም ገጹ እንደተበላሸ ይጠረጥራሉ። የቤት ሰው ይህን መሣሪያ ባይኖረውም ጋግሮ ሲጨርስ ብሬከሩን ካወረደ በኋላ የሶኬቱን ፕላስቲክ በጣቱ ሊዳስስ ይችላል። ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እጅ ከለበለበ ግን ንክኪው ታሟል። የዓሣ የመሰለ ሽታም እንዲሁ ምልክት ነው፤ ለሶኬት የሚውሉ አንዳንድ ፕላስቲኮች ከመጠን በላይ ሲሞቁ ያን ሽታ ያወጣሉ።

በዝቅተኛ ቮልቴጅ የሚሠሩ ዕቃዎች ላይ ይኸው መጠን መልኩን ይቀይራል። በ5 ቮልት 2 አምፔር የሚወስድ ስልክ ገመዱ ጫፍ ላይ ያን 100 ሚሊ ኦም ቢያገኝ 0.2 ቮልት፣ ማለትም ከመቶ አራት እጅ፣ ይጎድልበታል፤ ውጤቱ ቀርፋፋ ቻርጅ ነው። የመኪና ሞተር ማስነሻ ደግሞ ከ100 አምፔር በላይ ስለሚስብ በባትሪው ጫፍ ላይ የተጋገረ ነጭ ዱቄት 10 ሚሊ ኦም ብቻ ቢጨምር ከ12 ቮልቱ ላይ ከአንድ ቮልት በላይ ይበላል፤ ባትሪው ሞተ ተብሎ የሚጣለው አንዳንዴ ጫፉ ሳይጸዳ ነው። እጅግ ትንሽ ሲግናል በሚያልፍባቸው ማገናኛዎች፣ ለምሳሌ በሲም ካርድና በኮምፒውተር ሜሞሪ ጥርሶች ላይ፣ ወርቅ የሚቀባውም ወርቅ ኦክሳይድ ስለማይለብስ ነው። መዳብ ከወርቅ ይልቅ ኤሌክትሪክ በተሻለ ያስተላልፋል፤ ወርቅ የሚመረጠው ገጹ ንጹሕ ሆኖ ስለሚቆይ ነው።

ወደ አከራያችን ግቢ ልመለስ። ብሬከሩን አውርደን ሶኬቱን ስንከፍተው የፌዙ ብሎን በጣት የሚዞር ሆኖ አገኘነው፤ ከሥሩ ያለው የሽቦ ጫፍ ጠቁሮ ልባሱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነበር። ጥቁሩን ክፍል ቆርጠን የሚያብረቀርቅ መዳብ እስክናገኝ ላጥነው፣ 16 አምፔር የሚችል አዲስ ሶኬት ገጠምን፣ ብሎኖቹን በሚገባ አጠበቅን፣ የምጣዱን ወንድ ሶኬትም አብረን ቀየርነው፤ በሙቀት የተጎዳ እግር አዲሱንም ያበላሻልና። በመካከል ገብቶ የነበረውን ዲቫይደርም አወጣነው። እማማ በማግስቱ ለግቢው ሁሉ የሚሆን እንጀራ ጋግረው ሲጨርሱ ጠርተውኝ ብሬከሩን አወረድሁና ሶኬቱን በመዳፌ ያዝሁት፤ ለብ ከማለት አላለፈም።